የተገለበጠ ፌዝ

ባሌ እንጨት ቤት ልክፈት ብሎ ሲነሣ ዋንዛን ከባሕር ዛፍ ለይቶ አያውቅም ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ከተቀነሱት አንዱ ሆነና፣ ዕድሜውን ሙሉ ማኅተም ሲመታበት የኖረውን እጅ ይዞ መዶሻ ሊመታ ቆረጠ። እኔ ሳቅሁ። ጎረቤት እስኪሰማ ነው የሳቅሁት። እሱ ግን ከቦሌ ወዲህ በገርጂ ጭቃ ዳር ዳር የሚበቅሉትን ቪላዎች በጣቱ እየጠቆመ፣ «በር የሌለው ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አላየሁም። በዚህች ጥያቄ ተረታሁና ግቢያችን ውስጥ ልብስ የማሰጣበት ቦታ ላይ የቆርቆሮ ዳስ ተሠራ።

ደግነቱ ሥራ የሚያውቅ ሰው አገኘ። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ዕድሜያቸውን በእንጨት ላይ የጨረሱ አናጢ ናቸው። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ በየካ አባዶ በኩል ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት ያ አገር ያኔ ስንዴና ጤፍ ነበር፤ ከሚስታቸው ጋር በኦሮምኛ እያወሩ ያረሱትን ማሳ ለልጆቻቸው ትተው፣ ማለዳ ማለዳ እስከ ታክሲው በእግራቸው እየመጡ ነው የሚሠሩልን። ትሑት ሰው እንዳይመስሏችሁ። ስለ ሥራቸው ማውራት ከጀመሩ የቀረበላቸው ወጥ ይበርዳል። አንድ ቀን አብረን ታክሲ ተሳፍረን ቦሌ ስንወርድ በየመንገዱ «ያ በር የኔ ነው፣ ያ መስኮትም የኔ ነው፣ ያኛው የኔ አይደለም፣ ለዚህ ነው የተጣመመው» እያሉ ተሳፋሪውን ሁሉ አሰለቹት። ረዳቱ «ፋዘር፣ ታክሲዋንስ ማን ሠራት?» አላቸው። አልሳቁም። በስማቸው ቀልድ አያውቁም።

ከእንጨት ቤቱ ዕቃ ሁሉ ባሌ ነፍሱን የሰጠው ለማለስለሻ ማሽኑ ነው። አንድ የተዘጋ ወርክሾፕ ንብረቱን ሲሸጥ ገዝቶት መጣ፤ በጭነት መኪና ሲገባ ሠፈሩ እንደ ሙሽራ ወጥቶ አየው። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ከግራና ከቀኝ ሁለት ክብ ብረት አለው፤ በሁለቱ ላይ ጫፍና ጫፉ በኮላ የተቀጠለ ረጅም የብርጭቆ ወረቀት እንደ ቀበቶ ይዞራል። ቺንጋ ነው የምንለው። ሠራተኛው በሩን ከሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣ የሚዞረውን ቺንጋ በትንሽ ትራስ ከላይ ጫን ጫን እያደረገ እንጨቱን ያለሰልሳል። በአንደኛው ጫፍ አቧራውን የሚውጥ የቆርቆሮ አፍ አለ፤ ከጀርባው ጆንያ ይታሰርበታል። በእጅ ሲፈተግ የሚውለውን በር ምሳ ሳይደርስ ይጨርሰዋል፤ የሚሠራ ከሆነ።

መብራቱን ያስገባው የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ ነው። የኤሌክትሪክ ኮርስ ወስዷል። ሰርተፊኬቱ በመስታወት ተደርጎ የተሰቀለው እኛ ሳሎን ነው፤ የሱ ቤት ግድግዳ ሚስማር አይዝም ተብሎ። እንግዲህ ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር መምታት ያቃተው ሰው ባለ ሦስት መስመር ሞተር ሊገጥምልን መጣ። ገጠመ። ማብሪያ ሣጥኑን በቁልፍ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተው፤ ማንም እንዳይነካካብኝ ብሎ።

ማሽኑ የተነሣ ቀን አቧራው ወደ ቆርቆሮው አፍ መግባቱን ትቶ ቀጥ ብሎ የጋሼ ፊት ላይ ወጣ። እንደ ወፍጮ ቤት ሰው ነጭ ሆነው እያሳሉ፣ «ወዲህ ነው እንዴ የሚዞረው?» ብለው ጠየቁ። ዋርሳዬ እጁን ኪሱ ከትቶ ማሽኑን ዞር ዞር እያለ አየው።

«የውጭ ማሽን እኮ ነው ጋሼ» አለ። «የሠራው ፈረንጅ ግራኝ ሳይሆን አይቀርም።»

ባሌ ራሱን ነቀነቀ። ጋሼም፣ የሚገርመው፣ አመኑ፤ «ግራኝ አናጢ አውቃለሁ፣ ጎበዝ ነበር» አሉ። እኔ በበኩሌ የአዲሱን ቺንጋ ጀርባ ስገለብጥ ትንሽ ቀስት ታትማበት አየሁና ምንድን ነች አልኩ። ዋርሳዬ ሳያይ መለሰልኝ፤ «ማርካዋ ናት እትዬ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ አፍና አፍንጫቸውን በፎጣ ጠምጥመው መሥራት ያዙ። ጆንያው ባዶውን ተንጠልጥሎ ኖረ።

ማሽን የገዛ ሰው በሽታውንም አብሮ ይገዛል። ቀላል ቀላሉን በሽታ ያዳንኩት እኔ ነኝ፤ ምስጋና አልፈለግሁም፣ ምስጋና የሚባል ነገርም አልመጣም። መጀመሪያ እንጨቱ ላይ ጥቁር የቃጠሎ መስመር መታየት ጀመረ። ባሌ ሞተሩ ፈጠነ አለ። ወረቀቱን በጣቴ ብዳብሰው ሙጫ ጠግቧል፤ እርጥቡን ጽድ ሳይደርቅ እያስገቡበት ወረቀቱ ጥርስ አልቀረውም። ያረጀ ሸራ ጫማ አምጥቼ የጎማ ሶሉን በሚዞረው ቺንጋ ላይ ጫን ሳደርገው ሙጫው በእንክብል በእንክብል እየሆነ ወጣ። ባሌ «ማሽን በጫማ ታክማለች!» ብሎ ሠራተኛ ሰብስቦ ሳቀብኝ። በሳምንቱ ለደንበኛ ራሱ ያገኘው ዘዴ አድርጎ ሲያስረዳ ሰማሁት።

ቀጥሎ የሚለሰልሰው ጣውላ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ወጣ ገባ መሆን ጀመረ። ይህም ብዙ ምርምር አልፈለገም፤ የመጫኛው ትራስ ጨርቅ አልቆ ብረቱ ነበር የሚጫነው። ከባሌ የመሥሪያ ቤት ካፖርት ጫፍ ቆርጬ ሰፋሁለት። ካፖርቱን ብዙ ጊዜ ፈልጎታል። ሞተሩ እየጋለ ሲሸት ደግሞ መተንፈሻው በአቧራ ተደፍኖ ነበርና በብስክሌት መንፊያ ነፋሁት። አንድ ሰሞን ማሽኑ እንደሚታረድ በግ መጮኽ ያዘ። የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል ስል ዋርሳዬ ጥማት ነው ብሎ የምግብ ዘይት አፈሰሰበት፤ ዳሱ ሙሉ ቀን የቁሌት ሽታ ሸተተ፣ ጩኸቱ ግን አልቀነሰም። ኩሽኔታው ሲቀየር ዝም አለ። እነዚህን የምቆጥረው ልኮራ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ልኮራ ብዬ ነው።

የማይድን በሽታ የሆነብን ቺንጋ መበጠሱ ነው። አዲስ ይገጠማል፣ ትንሽ ይዞራል፣ ከዚያ ልክ መቀጠያው ላይ ጧ! ይላል። ካልተበጠሰም ወደ ዳር እየሸሸ ከብረቱ ላይ ይወርዳል። ሁሉም ሐኪም ሆነ። ባሌ ወረቀቱ የመርካቶ ማጭበርበሪያ ነው አለ። ዋርሳዬ የሠፈሩ መብራት ደካማ ነው አለ። ጋሼ እርጥበት ነው ብለው ቺንጋዎቹን እንደ ቋንጣ በሽቦ ላይ እየሰቀሉ አምፖል አበሩባቸው፤ ወረቀት በእርጥበት መበላሸቱ እውነት ነው፣ የኛዎቹ ግን እየደረቁም ይበጠሱ ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ ዓይን ገብቶበታል አለና ባሌ በጀሪካን ጸበል አስመጥቶ ሞተሩ ላይ ሊረጭ ሲል ጋሼ ከእጁ ቀሙት። «ልታጠምቁት ነው ወይስ አብረን ልንሞት?» አሉ። ጸበሉን ጠጥተን ጨረስነው።

እንዲህ እንዲህ ስንል የአንድ የቦሌ ደንበኛ በር ላይ ደረስን። የዋንዛ በር ነው፤ ጋሼ ራሳቸው የሠሩት፣ አበባ የፈለፈሉበት። ሰውየው ሥራው የት እንደደረሰ ሊያይ መጥቶ ከአጠገባቸው ቆሞ ሳለ ቺንጋው ተበጠሰና ጫፉ እየተወናጨፈ አበባውን ከላይ እስከ ታች ቧጨረው። ባሌ በደንበኛው ፊት ማፈሩን ሊያራግፍ ሰው ፈለገና ቅርቡ ያለውን አገኘ።

«እጅዎ ከብዷል ጋሼ» አለ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። «ይጫኑታል። ዕድሜም ነው። አሁን ደግሞ አንድ ቺንጋ ከተበጠሰ እንለያያለን።»

የጋሼን ፊት ማየት አልቻልኩም። አናጢ ሌባ ቢባል ይማልለታል፣ ሰካራም ቢባል ይታለፋል፤ እጁ ከብዷል ከተባለ ግን ከገርጂ እስከ መገናኛ ያለ እንጨት ቤት ወሬውን ሰምቶ ሲያድር ማንም ማሽን አያስነካውም። ደንበኛው ያን ቀን ወጥቶ ሌላ እንጨት ቤት በር ሊያሠራ እንደሚሄድና ወሬውን ይዞት እንደሚሄድ ሁላችንም አውቀናል። ባሌን በዚያች ሰዓት ጠላሁት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለሚስት መስሎኝ ነበር፤ ሠራተኛንም አያስጥልም።

መፍትሔው የተገኘው ሽሮ ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄጄ ነው። ባለ ወፍጮው የወሎ ሰው ነው፣ በሠፈሩ ከሱ በላይ ጉረኛ የለም፤ ድምፁ ከወፍጮው ይበልጣል። ያን ቀን የተቃጠለ ሞተሩን በአዲስ ሽቦ አስጠቅልሎ ገና መግጠሙ ነበር። አስነሣው። ወፍጮው ዞረ፣ ጮኸ፣ የወጣው ግን ዱቄት ሳይሆን ክክ ሆነ። ተራ የያዙት ሴቶች ተንጫጩ። እሱ ምንም ሳይደነግጥ አጠፋውና ካቻቢቴውን አወጣ።

«ፌዙ ተገልብጦ ነው» አለ።

«ማን አፌዘብህ?» አልኩት።

ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወላሂ እትዬ፣ የመብራቱን ፌዝ ነው የምልሽ! ለትልቅ ሞተር ሦስት ሽቦ ይገባለታል፤ እያንዳንዱ ፌዝ ይባላል። ሁለቱን ካቀያየርሽበት ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ወደ ኋላ የዞረ ወፍጮ ምን ይፈጫል? አሁን እይኝ፣ በዚህች ከተማ ይህን እንደኔ የሚያውቅ የለም።» ዋናውን መብራት አጠፋ፣ ሁለት ሽቦ አቀያየረ፣ መለሰው። ወፍጮው ፊቱን አዙሮ ዱቄት ማውረድ ጀመረ።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አቧራው የጋሼ ፊት ላይ የሚወጣው፣ ግራኙ ፈረንጅ፣ ማርካ የተባለችው ቀስት፣ ሁሉም በአንዴ ተገለጠልኝ። መቀጠያው ላይ ያለው የወረቀት ጫፍ እንደ ዓሣ ቅርፊት ወደ አንድ ወገን ነው የተኛው፤ በቀስቷ ከዞረ ትራሱ ያልፈዋል፣ ወደ ኋላ ከዞረ ግን ትራሱ በእያንዳንዱ ዙር ጫፉን እየፈለቀቀ ይበጥሰዋል። ማሽናችን ከገባበት ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ነበር የሚዞረው። የጋሼ እጅ ምንም አልከበደም። ሽሮዬን ተሸክሜ ገርጂን በሩጫ አቋረጥኳት።

ስደርስ ባሌና ወንድሙ ምሳ ቀርበዋል፤ ጋሼ ዳሱ ውስጥ ናቸው። ገና ከበር፣

«የማሽኑ ችግር ፌዝ ነው!» አልኩ።

ባሌ የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰ። «ምን አልሽ?»

«ፌዝ። ፌዙ ተገልብጦ ነው።»

«የኔ ሥራ ፌዝ ነው?»

«ሥራህን ማን አነሣ? ማሽኑ ላይ ያለውን ፌዝ ነው የምልህ!»

«ማሽኑ አፌዘብኝ!» ከመቀመጫው ተነሣ። «ደንበኛ ሸሸኝ፣ ሥራዬ ሊዘጋ ነው፣ ሚስቴ ደግሞ ከወፍጮ ቤት ሮጣ መጥታ ማሽኑ እያፌዘብህ ነው ትለኛለች! አንቺ አንድ ቀን ከፌዝ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

እኛ ግቢ ያ ቃል በሌላ ትርጉሙ ተነግሮ አያውቅም፤ ዋርሳዬ የሚያወራው ስለ «መስመር» ነው። ቢሆንም ኮርስ የወሰደ ሰው ቃሉን አያውቀውም ብዬ አላምንም። ወደሱ ዞርኩ።

«ንገረው እንጂ። ምን ማለት እንደሆነ ታውቀው የለም?»

ዋርሳዬ ጫማውን አየ። አዲስ ጫማ አልነበረም፣ የሚታይ ነገር አልነበረውም። «እንግዲህ እትዬ ስትቀልድ...» ብሎ ተወው። አወቀ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ነው ያወቀው፤ ጆሮው ቀልቶ አይቼዋለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እሱ ዝም ብሎ ባደገበት ቤት ግን ስንቱ ነቅዟል። ስለ ሁለቱ ሽቦ፣ ስለ ወፍጮው፣ ስለ ቀስቷ ለማስረዳት ሞከርኩ። ባሌ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የወንድሜን ሥራ ባለ ወፍጮ ሊያርመው ነው?» አለ።

ከሰዓት በኋላ ቺንጋው ተበጠሰ። ባሌ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ የማይጠበቅ ቃል ሲሆን ደግሞ አጥብቆ ይጠብቃል። ጋሼን በሠራተኛው ፊት አሰናበታቸው። እሳቸው ፎጣቸውን አራግፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉና ወጡ። የዕቃ ሣጥናቸውን ትተውት ነበር የሄዱት። መላጊያቸው፣ መሮአቸው፣ ሁሉም እዚያው ቀረ። እኔ ይህን እንደ ተስፋ ያዝኩት፤ ዕቃውን የተወ ሰው ልቡን አልወሰደም ብዬ።

በማግሥቱ ባሌና ወንድሙ ለደንበኛ አልጋ ሊያደርሱ ሲወጡ ጠብቄ ባለ ወፍጮውን ጠራሁት። ዱቄት እንደለበሰ መጣ። የማብሪያ ሣጥኑን ቁልፍ በመዶሻ ስሰብር «ወላሂ ወንድ ነሽ!» አለኝ፤ እንዲህ ያለውን ሙገሳ ለእናቱ ቢያስቀምጠው እመርጥ ነበር። ዋናውን አጥፍቶ ሁለቱን ሽቦ አቀያየረ። ጽዋ የሚያነሣ ሰው እንኳ ከዚያ በላይ ይቆያል። ከሠራተኞቹ አንዱ ጣውላ አስገባ። አቧራው ቀጥ ብሎ ቆርቆሮው አፍ ውስጥ ገባ፤ ያ ባዶ ሲንጠለጠል የኖረ ጆንያ ተነፋ። እስከ ማታ ያው ቺንጋ ዞረ። ባለ ወፍጮው ሲሄድ ወሬውን እስከ መገናኛ እንደሚያደርሰው አውቄ ነበር፣ ለዚያም ነው እሱን የጠራሁት።

ባሌ ሲመለስ የተነፋውን ጆንያ አየ። ወንድሙን ጠየቀው። ዋርሳዬ ጫማውን እያየ፣ «ያው... ፌዙ ተገልብጦ ነበር» አለው። ባሌ ወደ እኔ ዞሮ ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ታዲያ ለምን በአማርኛ አልተናገርሽም?»

ጋሼን ለመመለስ ሽማግሌ ተላከ። የእድራችን ዳኛ፣ ባለ ወፍጮውና እኔ ሆነን አባዶ ሄድን። ከታክሲ ወርደን በታጨደ ማሳ መሀል በእግር ነው የደረስነው። ጋሼ በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ነበር፤ ሚስታቸው እርጎ አቀረቡልን፣ እሳቸው ግን አልቀመሱም። ሁለት እንጨት ቤት ሥራ ጠይቀው ኖሯል። አንደኛው ሞልቶብናል አላቸው። ሁለተኛው «እርስዎ ነዎት እጃቸው የከበደው?» ብሎ ጠየቃቸው፤ ሥራ አስተምረው ያሳደጉት ልጅ ነው የጠየቃቸው።

«ካሣ አልፈልግም» አሉ። «ከመቃብር በላይ የሚቀረው ስም ነው። በሰው ፊት ነው የሰደቡኝ፤ በሰው ፊት ይናገሩልኝ። ጥፋቱ የማን እንደነበር ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ከአፋቸው ይውጣ። ሌላ አልጠይቅም።»

ዳኛው ይህማ ቀላል ነው አሉ። ባሌም ሲነገረው እሺ አለ። ማታውን ወንድሙ መጥቶ አጥሩ ሥር ሲንሾካሾኩ አየሁ፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ መስማትም አላስፈለገኝም።

ቅዳሜ ሁሉም ዳሱ ውስጥ ተሰበሰበ። ጋሼ ንጹሕ ኮት ለብሰው መጡ። ሠራተኞቹ በጣውላ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፣ ከጎረቤት እንጨት ቤቶችም ወሬ የሰሙ መጥተዋል። ዳኛው ስለ ሰላም የሚናገሩትን ተናገሩና ባሌን አስነሡት። ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድሙን አየ። ወንድሙ ጫማውን አየ።

«እንግዲህ ወገኖቼ» አለ ባሌ፣ «ነገሩን ስናጣራው... ፌዝ ነበር።»

ሠራተኛው ሳቀ። ከጎረቤት የመጡትም ሳቁ። ዳኛው ስለ መብራት የሚያውቁት ሒሳብ መክፈሉን ብቻ ነውና ፊታቸው በራ፤ «እሰይ! ቀልድ ከነበረማ ምን ያጣላል? በሉ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ» አሉ። ባለ ወፍጮው «ኧረ አባባ፣ ፌዝ ማለት እኮ...» ብሎ ሲነሣ ዳኛው ሽማግሌ አይቋረጥም ብለው አስቀመጡት። ባሌ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ውሸት አልተናገረም፤ ያንን ነበር ያሰበበት። ያኔ ስድብ ነው ብሎ ምሳ ያስረሳውን ቃል ዛሬ እንደ ጋቢ ለበሰው።

ብድግ አልኩ።

«ሽቦውን የገለበጠው ወንድምህ ነው በል! የጋሼ እጅ አልከበደም በል!»

ባሌ ወደ ሰዉ ዞረና እጁን ወደኔ ዘርግቶ፣ «ታውቋት የለ እንዴ» አለ በፍቅር ድምፅ፣ «ማፌዝ ትወዳለች።»

እንደገና ተሳቀ። ከመጀመሪያው ይልቅ ደምቆ ነው የተሳቀው፤ አብዛኞቹ በሌላ ቀን በፌዜ ሲስቁ የኖሩ ናቸው። ጋሼ ብቻ አልሳቁም። ተነሥተው ወደ ጥጉ ሄዱና የዕቃ ሣጥናቸውን ከፈቱ። መላጊያቸውን አወጡ፣ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፣ መልሰው ከተቱት። ሣጥኑን ዘግተው ትከሻቸው ላይ ሲያወጡት ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። እኔ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «ከፌዘኛ ጋር ይሠራል። አንቺ ታፌዣለሽ እንጂ እውነቱን ታወጪያለሽ። ከፈሪ ጋር ግን አይሠራም።»

ባሌ ሰምቷል። ዳኛው «ኧረ ጋሼ፣ ኧረ ተዉ» እያሉ እስከ ግቢው በር ተከተሏቸው፤ እሳቸው ግን ዞር ብለው አላዩም። ሣጥኑን እንደተሸከሙ በጭቃው ዳር ዳር ወደ ታክሲው አቀኑ። ባሌ ሄዶ ማሽኑን አስነሣው። በትክክለኛው አቅጣጫ ዞረ፣ ቺንጋውም አልተበጠሰም። ጣውላ ይዞ ወደሱ የቀረበ ሠራተኛ ግን አልነበረም።